ስንት አምፔር ነው?

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ አንድ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ገባሁና «የባትሪ ውሃ አለ?» አልኩ።

ሻጩ ልጅ ከስልኩ ቀና ሳይል «ውሃ ነው አሲድ?» አለኝ።

«ውሃ! አደራህን አሲድ እንዳትሰጠኝ።»

«ባትሪው ስንት አምፔር ነው?»

ሰሞኑን ጭንቅላቴ ውስጥ የከረመው ቁጥር አንድ ብቻ ስለነበር እሱው አመለጠኝ። «45» አልኩት።

«45? የምን መኪና ነው?»

«መኪና እንኳ አይደለም። የሚዞር ነገር ነው። በደቂቃ 45 ጊዜ።»

ይኼኔ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። በደቂቃ 45 ጊዜ ብቻ የሚዞር ሞተር ይዞ የሚኖር ሰው የባትሪ ውሃ ሳይሆን ጸበል እንደሚያስፈልገው ፊቱ ላይ ተጽፎ ነበር። ቢሆንም ነጋዴ ነውና ሁለት ሊትር ሸጠልኝ። መልስ ሲሰጠኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ መካኒክ ከፈለጉ እዚሁ ጎናችን አለ» አለኝ። «ሸክላ ላጥብበት ነው» ብዬ እውነቱን ብነግረው ኖሮ ሱቁን ዘግቶ እኔን ቤቴ ድረስ የሚሸኘኝ ይመስለኛል።

ቤቴም ቢሆን ከሱቁ የተሻለ መግባባት አልነበረም። ጠዋት ለእናቴ «እማዬ፣ ዛሬ ሸክላ ላጥብ ነው» ብያት ነበር። ስልሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ለጓዳ ሥራ እጄን ስለዘረጋሁ ፈጣሪዋን አመስግና ጀበናውን፣ የወጥ ድስቱንና አፉ የተሸረፈውን ገንቦ አውጥታ ደረደረችልኝ። «ጀበናውን ሳሙና እንዳታስነካው ብቻ፤ ቡናው ቃናው ይጠፋል» አለችኝ። አልጋው ስር ገብቼ የአባዬን ካርቶን እየጎተትኩ ስወጣ ግን ምስጋናዋን ወዲያው መለሰች።

ጥፋቱ የእሷ አይደለም። በአማርኛ ሸክላ የማይሆን ነገር ጥቂት ነው። እንጀራ የሚጋገርበት ምጣድ ሸክላ ነው፤ ቡና የሚፈላበት ሸክላ ነው፤ የሀብታም አጥር የሚሠራበት ጡብ ሸክላ ነው፤ ጥላሁን ገሠሠ የዘፈነበትም ሸክላ ነው። ምጣድና ዘፈን በአንድ ስም ሲጠሩ ሰምቶ የሚገረም የውጭ ሰው ካለ ሁለቱንም ከእጁ ለቆ ይሞክራቸው። የጥንቶቹ ሸክላዎች ሲሚንቶ ላይ ከወደቁ እንደ ጀበና ነበር ድቅቅ የሚሉት።

እነዚያ የጥንቶቹ የእኛን አገር ድምፅ መያዝ የጀመሩት በነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን የመኪናን ነገር እንዲማሩ ወደ ጀርመን ተልከው፣ እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1910 ባለው ጊዜ እዚያው ድምፃቸውን አስቀርጸው ነው የተመለሱት። ልብ በሉልኝ፦ አገራችን መሪና ፍሬን ስትማር ሸክላም አብሮ ገባ ማለት ነው። ስለዚህ ሸክላንና የመኪና መለዋወጫን ያዛመድኩት እኔ አይደለሁም። ያ ልጅ ታሪክ ቢያውቅ ኖሮ ቅናሽ ያደርግልኝ ነበር።

የባትሪ ውሃ የፈለግሁበትን ምክንያት ልንገራችሁ። የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ ከጀርባው ነጭ ኖራ መሰል ነገር ይተዋል፤ የማንቆርቆሪያችሁን ሆድ አይታችሁ ታውቃላችሁ። አርባ ምንጭ ደግሞ ስሟም ምንጭ ነው፤ ውሃ አላነሰንም። ነገር ግን ምንጭ ከድንጋይ መሀል ነው የሚወጣው፤ ሲወጣም ባዶ እጁን አይወጣም። ያ ነጭ ነገር የሸክላው ቦይ ውስጥ ከቀረ መርፌው እየፈጨው ይሄዳል፤ ዘፋኙም ቆሎ እየቆረጠመ የሚዘፍን ይመስላል። ለባትሪ የሚሸጠው ውሃ ግን ተንኖ የተጠራቀመ ስለሆነ ከጀርባው የሚተወው ነገር የለም።

ይህን ሁሉ ያወቅኩት ግን ዘግይቼ ነው። የመጀመሪያው ሙከራዬ በአረቄ ነበር።

ካርቶኑ ውስጥ ከሃያ ሰባት ትንንሽ ሸክላዎች ጋር አንድ ወፍራም፣ ከባድ፣ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞር ሸክላ ተቀምጧል። የአያቴ ነው። ጨንቻ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ በነበረችበት ጊዜ በጸሐፊነት ሲያገለግሉ የገዙት ነው፤ ግራሞፎኑ በእጅ የሚጠመዘዝ ነበር ይባላል። ከጎረቤቴ ከጡረተኛው ሹፌር ጋር ሆነን ስናገላብጠው እሳቸው የማያወላዳ ሐሳብ አመጡ።

«የቆሸሸ ነገር ሁሉ በአልኮል ነው። ሐኪም እንኳ መርፌ ሊወጋህ ሲል መጀመሪያ ምን ይቀባሃል? ይኸም መርፌ ነው የሚወጋው።»

እንዲህ ያለ ክርክር ከየት ይረታል? ከጨንቻ የመጣ አረቄ ከቤታቸው አስመጡ። እኩሌታውን እኛ፣ እኩሌታውን ጥጡ ጠጣ። አንድ ዙር አሸት አደረግሁት፤ ጥጡ ጥቁር ሆነ። «አየህ! የስንት ዓመት እድፍ!» አሉ ጋሼ። ሁለተኛ ጥጥ፣ ጥቁር። ሦስተኛ ጥጥ፣ አሁንም ጥቁር። በአራተኛው ላይ ነው ሸክላውን ወደ መስኮቱ አዙሬ ስመለከተው ያሸሁት ቦታ እንደ ተወለወለ ጠረጴዛ ለስልሶ ያገኘሁት። የለቀቀው እድፍ አልነበረም፤ ዘፋኙ ነበር።

ነገሩ ወዲህ ነው። የ78ቱ ሸክላ የሚሠራው ዛፍ ላይ ተጠግታ ከምትኖር ትንሽ ነፍሳት ከሚገኝ ሙጫ ነው፤ ስሙ ሸላክ ይባላል። ሙጫው ከደቀቀ ድንጋይና ከጥላሸት ጋር ተለውሶ ይጋገራል። አናጺዎች ይህንኑ ሙጫ በአልኮል አሟሟተው ወንበርና ቁም ሳጥን ያብረቀርቁበታል። እኛም ሳናውቅ የአያቴን ዘፈን ወደ ወንበር ቀለም እየለወጥነው ነበር ማለት ነው። ጋሼ ይህን ስነግራቸው ጥቂት ዝም አሉና «እኔም እንደሱ ነኝ፤ በሁለተኛው መለኪያ ነው መሟሟት የምጀምረው» ብለው የቀረውን ቀዱ። እንግዲህ ቤቱ ውስጥ 78 ያለው ሰው ካለ አረቄውን ለራሱ ያድርገው። ለዚያ ሸክላ ለብ ያለ ውሃና ቶሎ የሚያደርቅ ጨርቅ ይበቃዋል።

ትንንሾቹ፣ ባለ 45ቶቹ፣ ሌላ ዘር ናቸው። ስማቸው ሸክላ ይሁን እንጂ ከፕላስቲክ ነው የተሠሩት፤ ቢወድቁም አይደቁም። የእኛ አገር ወርቃማ ዘመንም የተጻፈው እነሱ ላይ ነው። ሸክላ የማሳተም መብቱ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፣ አምሃ እሸቴ የተባለ በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ወጣት በ1961 ዓ.ም. «የመጣው ይምጣ» ብሎ ዓለማየሁ እሸቴን አስቀረጸና ሸክላውን ሕንድ ልኮ አሳተመው። (የሸክላ ታሪካችን እሸቴ ይበዛበታል። አምሃና ዓለማየሁ ግን የሥጋ ዝምድና የላቸውም፤ ብዙ ሰው ወንድማማች ያደርጋቸዋል።) አምሃ ሪከርድስ በጥቂት ዓመታት ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎች አወጣ። አሊ ታንጎ በሚባል ስም የምናውቀው አሊ አብደላ ካይፋም በካይፋ ሪከርድስ ተከተለ። ከዚያ አብዮት መጣ፤ ሰዓት እላፊ መጣ፤ በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ ካሴት መጣና ሸክላውን ገፍትሮ አስወጣው። በዚያ አሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ የወጣው ሁሉ ተደምሮ 500 ያህል ነጠላ ሸክላ ነው።

ከእነዚህ ሃያ ሰባቱ እናቴ አልጋ ስር ናቸው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ኢትዮፒክስ በሚለው ተከታታይ ሥራው እነዚያን ዘፈኖች ለዓለም ካሰማ ወዲህ የመጀመሪያዎቹን ሸክላዎች በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር የሚገዛ ሰው ሞልቷል። እናቴ ይህን ስትሰማ «ታዲያ ሳይታጠቡም ይገዛሉ?» አለች። ሴትየዋ ከሥራ የምታመልጥበት መንገድ ሲታያት ፈጣን ናት።

አባዬ እነዚህን የገዛቸው አዲስ አበባ በሄደ ቁጥር ነው። ሸክላው አዲስ አበባ ተቀርጾ፣ ሕንድ ደርሶ፣ ታትሞ ተመልሶ፣ ከዚያ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ አባቴ ጭን ላይ ተቀምጦ አርባ ምንጭ ይገባል። «አንተን ከሆስፒታል ሲያመጣህ እንዲያ አልታቀፈህም» ትለኛለች እማዬ። አልቀየምም፤ እኔ አልቧጨርም ነበር።

ታዲያ እንዲያ ታቅፎ ያመጣውን ቤት ከገባ በኋላ ምን እንዳደረገው ያየሁት አሁን ነው፤ በአጉሊ መነጽር። አንድ ባለ 45 ሸክላ ሦስት ደቂቃ ተኩል ቢዘፍን 157 ጊዜ ይዞራል። ቦዩን እንደ ፈትል ተርትራችሁ መሬት ላይ ብትዘረጉት ሰባ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ወርዱ ግን ከፀጉር አይሰፋም። በዚያ ሰባ ሜትር ላይ የቤታችን ታሪክ ተነጥፏል። ከላይ አሁን ባጃጆቹ የሚያቦኑት የሲቀላ አቧራ አለ። ከሱ ስር የቅባት ድርብ አለ፤ አባዬና ጓደኞቹ የጫሞ ሐይቅን ዓሣ ጠብሰው እየበሉ «እስቲ ይኸን ገልብጠው» ሲባባሉ የተውት የጣት አሻራ ነው። አሻራውን ፖሊስ ሊጠቀምበት ይችላል። ከቅባቱ ስር ደግሞ፣ በአንደኛው ላይ ብቻ፣ ጠንከር ያለች ነጭ ነጥብ አለች። ወደሷ እመለሳለሁ።

አባዬ የሚያውቀው ጥገና አንድ ብቻ ነበር። መርፌው ከዘለለ የማጫወቻው ክንድ ጫፍ ላይ አንበሳ ያለበትን 25 ሳንቲም ያስቀምጣል። መርፌው ከብዶት ይቀመጣል፤ ዘፈኑም ይቀጥላል። የሰፈሩ ሁሉ ጥበብ ይኸው ነበር። ሳንቲሙ ከብዶት የሚቀመጠው መርፌ ግን ቦዩን እያረሰ እንደሚሄድ ማን ይንገረው? በእርሻ አገር «ጠለቅ አድርጎ ማረስ» ምስጋና ነው።

ማጫወቻው በስድስት ባትሪ ድንጋይ ነበር የሚሠራው። ድንጋዮቹ ሲደክሙ ዘፈኑ ይጎተታል፤ ብዙነሽ በቀለ ቀስ በቀስ ወንድ ትሆናለች። ያኔ አባዬ ይጠራኝና «ድንጋዮቹን ፀሐይ አስመታቸው» ይለኛል። ቆርቆሮ ላይ እደረድራቸዋለሁ፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ብዙነሽ ወደ ሴትነቷ ትመለሳለች። ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ አንድ ቀን ዘፈኑ ክፉኛ ሲጎተት ሰማሁና በልጅ አእምሮዬ «ድንጋዩ ብቻ አይደለም፣ ዘፈኑም ደክሞታል» ብዬ ሸክላውን ከድንጋዮቹ ጋር ቆርቆሮ ላይ አወጣሁት። የካቲት ነበር። የየካቲትን የአርባ ምንጭ ቀትር ለማያውቅ ሰው፦ አዞዎቹ ራሳቸው አፋቸውን ከፍተው የሚተነፍሱበት ጊዜ ነው። የሸክላ ፕላስቲክ ወደ 60 ዲግሪ ሲጠጋ ይልፈሰፈሳል፤ ፀሐይ የመታው ቆርቆሮ ደግሞ እዚያ ለመድረስ አይቸገርም። ስመለስ ድንጋዮቹ በየቦታቸው አሉ። ሸክላው ግን ጠርዙን ወደ ላይ ሰብስቦ፣ ሆዱን ወደ ታች ጥሎ፣ ጎድጓዳ ሳህን ሆኖ ጠበቀኝ።

ስለ ተከተለው ነገር ብዙ አልናገርም፤ አባቴ ታቅፎ ያላመጣኝ ለምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። እናቴ ግን ዕቃ መጣል አይሆንላትም። መሀሉ ያለውን ቀዳዳ በጨርቅ ወትፋ ቆሎ ማቅረቢያ አደረገችው። ሸክላው ዞሮ ዞሮ ሸክላ ሆነ። ዛሬ ያ ዘፈን በየትኛው ጨረታ ስንት እንደሚያወጣ ሳስብ፣ እንግዶቻችን በዓለም ላይ ካሉ ውድ ሳህኖች በአንዱ የተቆላ ገብስ ሲዘግኑ እንደኖሩ ይሰማኛል።

«እዚህ ሙቀት ከሆነ ጨንቻ አክስትህ ጋ አስቀምጣቸው» ያለኝ ሰው ብዙ ነው። እውነት ነው፣ ጨንቻ 37 ኪሎ ሜትር ብቻ ናት። እኛ ከባሕር ወለል 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስንቀቀል እነሱ ከ2,700 ሜትር በላይ ሆነው በነሐሴ ጋቢ ደርበው ይንቀጠቀጣሉ። የዘፈን ቤተ መዛግብት የሚወዱት 20 ዲግሪ ገደማና ደረቅ አየር ነው፤ 20 ዲግሪው እንግዲህ አቀበቱ መሀል አንድ ኩርባ ላይ ይገኝ ይሆናል፤ እዚያ ግን አክስት የለኝም። ጨንቻ ጉም አለ። ጉም ባለበት የወረቀቱ ሽፋን ይረጥባል፤ የረጠበ ወረቀት ይሻግታል፤ ሻጋታው ከወረቀቱ ወደ ሸክላው ይሻገራል። አክስቴ ደግሞ የምትኖረው የዝሆን ራስ በሚመስለው የዶርዜ የቀርከሃ ቤት ነው። ከውስጥ እሳት ሲነድ ይውላል፤ ጭሱ ቀርከሃውን ከነቀዝ ይጠብቀዋል። ለቀርከሃ መድኃኒት የሆነ ጭስ ግን ለሸክላ ጥላሸት ነው። ያም ሆኖ ቤቱን ምስጥ ከስር ስለሚበላው ከዓመት ዓመት ያጥራል። ቤት እየበላ ቁመቱን የሚቀንስ ምስጥ የአምሃ ሪከርድስን ወረቀት ለቁርስ እንኳ አይቆጥረውም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ቆላው ያጣምማል፣ ደጋው ያሻግታል። የጋሞ ሰው እንሰቱን ደጋ፣ ሙዙን ቆላ ሲተክል ነገሩን አስቦበት ነው። ለሸክላ ቦታ የተወ ግን የለም።

ስለዚህ እዚሁ ይሁን አልኩ፤ ቆርቆሮው ከሚፋጅበት ክፍል አውጥቼ ኮርኒስ ባለው፣ ፀሐይ በማይገባበት ጥግ። እናቴ እስካሁን የኖረችበት አሠራር አንዱን ባንዱ ላይ ከምሮ፣ ከላይ ሰፌድ፣ ከሰፌዱ ላይ የክረምት ብርድ ልብስ ነበር። ሸክላ ግን እንደ መጽሐፍ ቆሞ ነው መቀመጥ ያለበት፤ ሲከመር የላይኛው የታችኛውን እየተጫነ ያጣምመዋል። «ሲቆም አይደክመውም?» አለች።

ወደ እጥበቱ ልምጣ። መጀመሪያ በደረቅ ጨርቅ ልጠርገው ሞክሬ ነበር። በጠረግሁት ቁጥር አቧራው በዛ። ፕላስቲክ ሲታሽ ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ በዙሪያው ያለውን ብናኝ እየጠራ ያስቀምጣል፤ እንደ ለቅሶ ቤት ነው፣ የሰማ ሁሉ ይመጣል። አንድ አናጺ ወዳጄ ደግሞ የእንጨት ኮላ ቀብተህ ሲደርቅ እንደ ቆዳ ትገፈዋለህ፣ እድፉን ይዞ ይነሳል አለኝ። በሌላው ዓለም የሚሞክሩት አሉ፤ ይሠራልም ይባላል። በአረቄው ካየሁት በኋላ ግን የአናጺ ምክር ከሸክላዬ አጠገብ አላደርስም።

በመጨረሻ የያዝኩት መንገድ ቀላል ነው። አንድ ሊትር የባትሪ ውሃ በንጹሕ ሳፋ፤ ለብ ያለ፣ የሞቀ አይደለም። አንድ ጠብታ ላርጎ። አንድ! እናቴ ከኋላዬ መጥታ «በዚች ምን ይጸዳል?» ብላ ጨመረችበት፤ ሳፋው አረፋ ሆኖ ሸክላውን ፈልጎ ማግኘት ራሱ ሥራ ሆነ፤ ያን ሁሉ አረፋ ለማለቅለቅ ሁለተኛው ሊትር አለቀ። መሀሉ ላይ ያለው የወረቀት ምልክት ውሃ ከነካው ቀለሙ ስለሚለቅ ከላይና ከታች በቡና ጣሳ ክዳን ያዝኩት። ከዚያ በለስላሳ ብሩሽ፣ የቦዩን ዙር ተከትሎ።

እኔ እንደ ጫማ ሽቅብ ቁልቁል ስል ያየችኝ እናቴ ብሩሹን ከእጄ ወሰደችው። «ምጣድ ሲታሰስ አይተህ አታውቅም?» ብላ ክንዷን አንዴ አዞረችው። አንዲት ቀጥተኛ መስመር አልነበረባትም። ለካ ሸክላ ያለው ሁሉ የሚታሰሰው ባንድ መንገድ ነው። ሃያ ሰባቱንም ለእሷ ብተዋቸው ይሻል ነበር፤ እሷ ግን አንዱን አሳይታኝ ወደ ቡናዋ ሄደች።

ለማድረቂያ የአክስቴን የዶርዜ ጥጥ ጨርቅ ይዤ ነበር፤ ብዙ ጊዜ የታጠበ፣ ብናኙ ያለቀለት የድሮ ጋቢ ቁራጭ። አዲሱ ጋቢ ለሰው ነው እንጂ ለሸክላ አይሆንም፤ ፀጉሩን ይተዋል። ጨርቁን ይዤ የዶርዜ ሰዎች ሲዘፍኑ አስታወስኩ፤ አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ከላይ ይገባበታል፣ ሦስተኛው ከጎን፣ ማን ከማን እንደሚከተል ሳይታወቅ ሁሉም አንድ ላይ ይደርሳሉ። ያን ዝማሬ ፈረንሳዊው የሙዚቃ ተመራማሪ በርናር ሎርታ-ዣኮብ ቀርጾት እ.ኤ.አ. በ1977 ፈረንሳይ ውስጥ በትልቅ ሸክላ ታትሟል። እኔ ሲቀላ ቁጭ ብዬ ሕንድ የታተመውን የአዲስ አበባ ዘፈን በዶርዜ ጨርቅ ሳደርቅ፣ አንድ ፈረንሳዊ ሽማግሌ ፓሪስ ቁጭ ብሎ የዶርዜን ድምፅ በምን ጨርቅ ያደርቅ ይሆን? ጋቢ ባገኝለት እልክለት ነበር፤ የታጠበውን።

አሁን ወደዚያች ነጭ ነጥብ።

ያለችበት ዘፈን የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ዘፋኙ አንዲት ሴት ይጠራል። «ነይ» ይላል፤ መርፌው ነጥቧ ጋ ይደርስና ወደ ኋላ ይመለሳል፤ «ነይ» ይላል፤ ይመለሳል፤ «ነይ»። ባለ 45 ሸክላ አንዱን ዙር ለመጨረስ አንድ ሰከንድ ከሲሶ ነው የሚፈጅበት፤ ለአንዲት «ነይ» ልክ የተሰፋ ጊዜ ነው። ካልነኩት እስከ ንጋት ይጠራታል። ቤታችን ውስጥ ታዲያ ሥርዓት ነበረው፦ በሦስተኛው «ነይ» ላይ ለማጫወቻው የቀረበ ሰው ወለሉን በእግሩ መታ ያደርጋል፤ መርፌው ደንግጦ ይሻገራል፤ ዘፈኑ ይቀጥላል። እናቴ ወጥ እያማሰለችም ቢሆን አትስታትም። እኛ ልጆቹ ዘፈኑ ከመጀመሪያውም እንዲያ የተደረሰ ይመስለን ነበር። እህቴ ስትዳር ባንዱ ከሌላ ቦታ የተገኘውን፣ ጤነኛውን ዘፈን ሲያጫውት የእኛ ቤተሰብ ብቻ «ነይ፣ ነይ፣ ነይ» ብሎ በአንድ ላይ ወለሉን መታ፤ ሌላው ሠርገኛ ሁለት ስንኝ ቀድሞን ሄዷል። የሙሽራው ወገኖች የጋሞ ጭፈራ ነው ብለው ተከተሉን።

ነጥቧ የሻማ ጠብታ ናት። መብራት በጠፋ ማታ፣ በባትሪ ድንጋይ እየዘፈነ፣ አባዬ ማን እንደሚዘፍን ሊያነብ ሻማውን ጠጋ ሲያደርግ የተንጠባጠበች መሆን አለባት። ብረት ቦዩን ይፍቃልና በብረት አልነካኋትም። በጥፍሬ ሞከርኩ፤ ከዚያ ጫፉ በደቀቀ የቀርከሃ ስንጥር፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ግማሽ ሰዓት። በመጨረሻ እንደ ቅርፊት ብድግ አለች። ከሯጭ ልጅ እግር እሾህ ያወጣሁ ያህል ኮራሁ።

ማታ ማጫወቻው ላይ አደረግሁት፤ የአሁኑ በኤሌክትሪክ ነው። እናቴ ስኒ እያጠበች ነበር። ማሲንቆው ገባ፣ ጡሩምባዎቹ ገቡ፤ እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኋላ አንድ ከበሮ እንዳለ ሰማሁ። አርባ ምናምን ዓመት የዓሣ ቅባት ስር ሲመታ የኖረ ከበሮ! «እማዬ፣ ትሰሚዋለሽ?» አልኩ። አልመለሰችልኝም። ዘፋኙ «ነይ» አለ። እናቴ እጇን ከሳፋው አወጣች። ዘፈኑ ቀጠለ። ወደሚቀጥለው ስንኝ፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው አለፈ። ዞር ስል እናቴ አንድ እግሯን ከወለሉ ከፍ አድርጋ፣ የምታሳርፍበት ጠፍቷት ቆማለች።

«ምን አደረግከው?»

«አጠብኩት፤ ነጥቧን አነሳሁለት።»

«አንዴ ብቻ ጠርቷት ሄደ እኮ።»

«ዘፈኑ እንዲያ ነው እማዬ። ድሮም አንዴ ነው የጠራት።»

እግሯን ቀስ ብላ አወረደች። «በአንድ ጥሪ ማን ይመጣል?» አለች። «አባትህ እኔ ቤት ሽማግሌ የላከው ሦስቴ ነው። በመጀመሪያው ብሄድለት ምን ይለኝ ነበር?»

መልስ አልነበረኝም። መርፌውን አንስቼ ደግሜ ከመጀመሪያው አስጀመርኩት፤ አሁንም አንዴ ጠርቷት አለፈ። እናቴ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ ቁም ሳጥኑ ሄደች፤ መሳቢያውን ከፈተች፤ እየደባበሰች አንድ ነገር ፈለገችና አውጥታ ማጫወቻው አጠገብ አስቀመጠችው።

ሻማ ነበር። መብራት ግን አልጠፋም።